ጢሱ የማን ነው?
የሎንዶን ከተማ አየር የጠራበት ታሪክ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በዘመናችን የዓለምን መንግሥታት ከሚያስጨንቁት ታላላቅ ጉዳዮች አንዱ የአየር ንብረት ለውጥ ነው። የምድር ሙቀት እየጨመረ የሄደው በተለይ ሰው ከሚያነደው የድንጋይ ከሰል፣ ዘይትና ጋዝ በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት መሆኑን የዘርፉ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ብርቱ ክርክር የቀረው ሸክሙን ማን ይሸከም በሚለው ላይ ነው። አንደኛው ወገን «ጥፋቱ የታላላቅ ኢንዱስትሪዎች ስለ ሆነ መንግሥት በሕግ ይከልክላቸው፤ ተራው ሰው ምን አጠፋ?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ፋብሪካው የሚሠራው እኛ ስለምንገዛው ነው፤ እያንዳንዱ ሰው መብራቱን ያጥፋ፣ በእግሩ ይሂድ፣ ኑሮውን ያስተካክል፤ ዓለም የሚድነው በዚህ ነው» ሲል ይመልሳል።

ይህ ክርክር አዲስ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም። የሎንዶን ከተማ ስለ ጢስ ስትከራከር ብዙ መቶ ዓመታት አሳልፋለች። በመጨረሻም መድኃኒቱን አግኝታለች፤ መድኃኒቱ ግን ከሁለቱ ወገኖች አንዱም እንደሚለው ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ይህን ታሪክ ከመነሻው ጀምረን እንመለከታለን። ዓመታቱ የሚጠቀሱት፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ደን እየተመናመነ ሲሄድና የማገዶ ዋጋ ሲወደድ፣ የሎንዶን ኖራ አቃጣዮችና ቀጥቃጮች ከሰሜን በመርከብ የሚመጣውን የድንጋይ ከሰል ማንደድ ጀመሩ። ሽታውና ጥቀርሻው ሕዝቡን ስላስመረረው፣ በ1300ዎቹ መጀመሪያ ላይ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ የድንጋይ ከሰል በከተማው እንዳይነድ በዐዋጅ ከለከለ። ዐዋጁ ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን በከሰሉ ፈንታ ምን እንደሚነድ አላመለከተም። እንጨት የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ቀጥቃጭ ከዐዋጁና ከረኃቡ አንዱን መምረጥ ሲኖርበት የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያስቸግርም። ዐዋጁ ተረሳ፤ ከሰሉም መንደዱን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ በ1661 ዓመት ጆን ኤቭሊን የተባለ ሊቅ ፉሚፉጊየም የተባለች ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ለንጉሥ ቻርልስ 2ኛ አቀረበ። በዚህችም መጽሐፍ የቢራ ጠማቂዎች፣ የቀለም ነካሪዎች፣ የሳሙናና የኖራ ሠሪዎች ምድጃዎች ከከተማው ርቀው እንዲተከሉ፣ በከተማውም ዙሪያ መልካም መዓዛ ያላቸው ተክሎች እንዲተከሉ መከረ። ልብ በሉ፤ ኤቭሊን ጥፋቱን በዋነኛነት የጣለው በባለ ፋብሪካዎች ላይ ነበር። ንጉሡ ሐሳቡን ወደደው፤ ይሁን እንጂ ሕግ ሆኖ አልወጣም። ጢሱም እንደ ነበረ ቀረ።

የእንፋሎት ሞተር ከተፈለሰፈና የኢንዱስትሪ ዘመን ከተከፈተ በኋላ፣ ጢስ የሀብት ምልክት ተቈጠረ። የጢስ መውጫው የሚጨስ ከተማ ሥራ ያለበት ከተማ ነው፤ የማይጨስበት ከተማ ግን ሠራተኛው የሚራብበት ነው ይባል ነበር። ቢሆንም በዚያው ዘመን፣ ለዛሬው ክርክራችን ታላቅ ትምህርት የሚሰጥ አንድ ሥራ ተሠራ። እርሱም በ1863 ዓመት የወጣው የአልካሊ ሕግ ነው።

ሳሙና፣ መስተዋትና ጨርቅ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሶዳ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በሰሜን እንግሊዝ በሴንት ሄለንስና በዊድነስ አካባቢ በብዛት ነበሩ። እነዚህ ፋብሪካዎች ከጨው ሶዳ ሲያወጡ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ወደ አየር ይለቁ ነበር። ጋዙም የዛፉን ቅጠል ያቃጥላል፤ ሰብሉን ያደርቃል፤ የብረት ዕቃውን ይበላል። የሚያስደንቀው ነገር ግን መድኃኒቱ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ዊልያም ጎሴጅ የተባለ የፋብሪካ ባለቤት በ1836 ዓመት፣ ሥራ የፈታ የነፋስ ወፍጮ ግንብ ወስዶ ጭራሮ ሞላበት፤ ከላይ ውሃ እያንጠባጠበ ጋዙን ከታች ቢያስገባው፣ ጋዙ በውሃው ሟምቶ ቀረ። ዘዴው ረቀቅ ያለ ጥበብ አልነበረበትም። ሆኖም ከዚያ በኋላ 27 ዓመት ያህል አልፎም ጋዙ ሰብል ማቃጠሉን አላቆመም። ለምን?

መልሱን ለማግኘት ራሳችንን በአንድ ደግ ባለ ፋብሪካ ቦታ እናስቀምጥ። ይህ ሰው ለጎረቤቱ አዝኖ ግንብ ቢያሠራ፣ ውሃ ቢስብ፣ ጠባቂ ቢቀጥር፣ ወጪው በሶዳው ዋጋ ላይ ይጨመራል። ማዶ ያለው ምንም ያላወጣ ባለ ፋብሪካ ግን ሶዳውን በርካሽ ይሸጣል። ገበያተኛውም ወደ ርካሹ ይሄዳል። ስለዚህ ደጉ ሰው በደግነቱ ይቀጣል፤ ክፉው በክፋቱ ይሸለማል። የሰው ልቡና ቅን መሆን ብቻውን ነገሩን ሊያቃናው ያልቻለው ስለዚህ ነው።

መሬታቸው የተጐዳባቸው ባላባቶች አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ፣ በ1862 ዓመት ሎርድ ደርቢ የመሩት ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ፤ በማግሥቱም ዓመት ሕጉ ወጣ። ሕጉ «ጋዝ በጣም አትልቀቁ» ብሎ በደፈናው አልተናገረም፤ ከሚወጣው የአሲድ ጋዝ ከመቶው 95 እጁ ተይዞ እንዲቀር አዘዘ። ይህንንም የሚለካ ተቈጣጣሪ መንግሥት ሾመ። የመጀመሪያው ዋና ተቈጣጣሪ ሮበርት አንገስ ስሚዝ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር፤ «የአሲድ ዝናብ» የሚለውን ስም ያስለመደው እርሱ ነው። ስሚዝና ረዳቶቹ እየዞሩ ለኩ፤ መከሩ፤ ግድ ሲሆንም ከሰሱ። ፋብሪካዎቹም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሕጉ ካዘዘው በላይ ማጣራት ጀመሩ። ኋላም ከውሃው ጋር የቀረው አሲድ የልብስ ማንጫ ዱቄት መሥሪያ ሆኖ ተገኘና ትርፍ አስገኘ። በከንቱ ወደ ሰማይ ይበተን የነበረው ነገር ወደ ገበያ ወጣ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። ሕግ የሚሠራው በቍጥር ሊለካ የሚችል ትእዛዝ ሲኖረው፣ ለክቶ የሚመሰክር ሹም ሲኖረውና፣ መድኃኒቱ በሚቻል ዋጋ ሲገኝ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀራል።

የአልካሊ ሕግ ግን የድንጋይ ከሰልን ጢስ አልነካም። በጢስ ላይ ሌሎች ሕጎች ወጥተው ነበር፤ በ1853 ዓመት ለሎንዶን ፋብሪካዎች፣ በ1926 ዓመትም ለአገሩ በሙሉ። ሁለቱም ግን የሰው መኖሪያ ቤት ምድጃ እንዳይነካ ተጠነቀቁ። እንግሊዛዊ ማታ ከሥራ ተመልሶ እግሩን ወደ ምድጃው ዘርግቶ እሳት መሞቁን እንደ መብቱና እንደ ክብሩ ይቈጥረው ስለ ነበር፣ በዚህ እሳት ላይ ሕግ ለማውጣት የሚደፍር የፓርላማ አባል አልተገኘም። በዚህ ፈንታ ስብከት ተመረጠ። በ1881 ዓመት በሎንዶን ጢስ የሚቀንሱ ምድጃዎች ለሕዝብ ትርኢት ቀረቡ፤ በ1898 ዓመትም የከሰል ጢስን የሚቃወም ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበርተኞቹ በቅንነት ጻፉ፤ አስተማሩ። ከ50 ዓመት ስብከት በኋላ ግን የሎንዶን ምድጃዎች በየማታው እንደ ጥንቱ ይጨሱ ነበር።

እንዲህ ሲል ቈይቶ ታኅሣሥ 1952 ደረሰ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ገብቶ ብርዱ በርትቶ ነበር። ታኅሣሥ 5 ቀን 1952 ዓመት ነፋሱ ፈጽሞ ቆመ። ሞቅ ያለው አየር ከላይ፣ ቀዝቃዛው አየር ከታች ሆኖ፣ ላይኛው እንደ ድስት ክዳን ከተማውን ገጠመው። ከሚሊዮን ምድጃዎች፣ ከፋብሪካዎች፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ከተተከሉት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች፣ በዚያው ዓመት የትራም ባቡሮችን ከተኩት የናፍጣ አውቶቡሶችም የወጣው ጢስ መውጫ አጥቶ ከጉሙ ጋር ተቀላቀለ። ሰው የገዛ እግሩን ማየት ተሳነው። አውቶቡስ ቆመ፤ አምቡላንስም መንገድ ጠፍቶበት ቆመ። ለትርኢት ወደ ከተማው ከመጡት የደለቡ ከብቶች አንዳንዶቹ ታፍነው ሞቱ። በሳድለርስ ዌልስ ቲያትር ጉሙ ወደ አዳራሹ ገብቶ ተመልካቹ መድረኩን ማየት ስላልቻለ ኦፔራው ተቋረጠ። ይህ ሁሉ እስከ ታኅሣሥ 9 ቀን ድረስ አምስት ቀን ቈየ።

በመጨረሻም ነፋስ ነፈሰና ሰማዩ ተገለጠ። ሕዝቡም ነገሩ ያለፈ መሰለው። ዳሩ ግን የሬሳ ሣጥን ሠሪዎች ሣጥን፣ አበባ ሻጮችም አበባ አለቀባቸው። የሟቾች መዝገብ ሲታይ፣ በዚያ ሰሞን ከተለመደው በላይ ወደ 4,000 የሚሆኑ ሰዎች ሞተው ተገኙ። አብዛኞቹም ሽማግሌዎች፣ ሕፃናትና የሳንባ ወይም የልብ ሕመምተኞች ነበሩ። ሞቱ በቀጣዮቹ ወራት ሳይቀንስ ቢቀር መንግሥት ምክንያቱን ኢንፍሉዌንዛ ነው አለ። በ2001 ዓመት የታተመ ጥናት ግን የእነዚያን ወራት ሞት ጨምሮ የሟቾቹን ቍጥር ወደ 12,000 አድርሶታል።

አሁን ጥያቄው ይነሣ፤ ጥፋቱ የማን ነበር? ምድጃውን ያነደደው የቤት አባወራ ነውን? በእጁ እሳት ጭሯልና ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን የሚያነደውን ከሰል ማን እንደ ሰጠው እንመልከት። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ዕዳዋን ለመክፈል ጥሩ ጥሩውን ከሰል ወደ ውጭ አገር ትሸጥ ነበር። በአገር ውስጥ ከሰል በራሽን ይታደል ነበር። ጥቀርሻ የሚበዛበትን ደቃቅና ርካሽ ከሰል ግን፣ ልክ ከታኅሣሥ 1 ቀን 1952 ዓመት ጀምሮ፣ ማንም ሰው ያለ ራሽን እንደ ልቡ እንዲገዛው መንግሥት ራሱ ፈቅዶ ነበር። ይህ ከጉሙ አራት ቀን አስቀድሞ ነው። ልጆቿ የሚንቀጠቀጡባት እናት ያገኘችውን ከሰል ብታነድ፣ ምርጫዋ የተዘጋጀላት በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

መንግሥትም በመጀመሪያ ሕግ ለማውጣት አልቸኰለም። የቤቶች ሚኒስትር የነበሩት ሃሮልድ ማክሚላን በኅዳር 1953 ዓመት ለባልደረቦቻቸው በጻፉት ማስታወሻ፣ ብዙ መሥራት ባይቻልም ብዙ የምንሠራ መስለን ለመታየት ኮሚቴ እናቋቁም የሚል ምክር ሰጡ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ለሕመምተኞች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ጨርቅ እንዲሰጥ ፈቀደ። ጢሱን ከማቆም ይልቅ አፍን ማፈን ቀለለ ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ይህን ዓይነቱን ፈሊጥ ሳንጠራጠር እናውቀዋለን።

ይሁን እንጂ ኮሚቴ ሁሉ ለማስመሰል ብቻ አይቋቋምም። በሐምሌ 1953 ዓመት የተሾመውን ሌላ ኮሚቴ የመሩት ሰር ሂዩ ቢቨር መሐንዲስና የታላቅ ቢራ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። የቢቨር ኮሚቴ በኅዳር 1954 ዓመት ባቀረበው የመጨረሻ ሪፖርት ሁለት ከባድ ነገሮችን ገለጠ። አንደኛ፣ የአየር መበከል አገሪቱን በዓመት 250 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንደሚያስከስራት አሰላ። ሁለተኛ፣ ከጢሱ ግማሽ የሚጠጋው የሚወጣው ከመኖሪያ ቤቶች ምድጃ መሆኑን ተናገረ። የፓርላማ አባል ጄራልድ ናባሮ በራሳቸው ስም የሕግ ረቂቅ በማቅረባቸው መንግሥት ሕጉን ራሱ አወጣለሁ ብሎ ቃል ለመግባት ተገደደ። የንጹሕ አየር ሕግም ሐምሌ 5 ቀን 1956 ዓመት ጸደቀ።

አድማጮች ሆይ፤ የክርክራችን ቍልፍ በዚህ ሕግ ውስጥ ይገኛል። ሕጉ በአንድ በኩል ፋብሪካዎችን ያዘ፤ ከጢስ መውጫቸው ጥቁር ጢስ እንዳይወጣ፣ አዳዲስ ምድጃዎቻቸውም በተቻለ መጠን ጢስ የማያወጡ እንዲሆኑ አዘዘ። በሌላ በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ፤ ማዘጋጃ ቤቶች ሰፈር እየለዩ ጢስ የተከለከለበት ቀበሌ ብለው እንዲሠይሙ ሥልጣን ሰጠ። በዚያ ቀበሌ የሚኖር ሰው ጢስ የሌለው ማገዶ፣ ጋዝ ወይም ኤሌክትሪክ እንጂ ተራ ከሰል ማንደድ አይፈቀድለትም። ሆኖም ሕጉ አባወራውን ከልክሎ ብቻ አልተወውም። ምድጃውን ለመለወጥ ከሚያስፈልገው ወጪ ከመቶው 40 እጁን ማዕከላዊው መንግሥት፣ 30 እጁን ማዘጋጃ ቤቱ ሲከፍሉ፣ ለባለ ቤቱ የቀረው 30 እጁ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሕግ ከኤድዋርድ ዐዋጅ ጋር እናስተያየው። ሁለቱም ከሰልን ከለከሉ። የጥንቱ ዐዋጅ ግን ሸክሙን በሙሉ በድኻው ትከሻ ላይ ጥሎ ሄደ፤ አዲሱ ሕግ ሸክሙን ከፋፈለው። ከ1881 ዓመት ትርኢትም ጋር እናስተያየው። ትርኢቱ አባወራውን «ደግ ሁን» ብሎ ለመነው፤ ሕጉ ግን ደግ መሆን የሚቻልበትን መንገድ ሠራለት፤ ጎረቤቱም አብሮት እንዲሄድ አደረገ። አንድ ቤት ብቻ ምድጃውን ቢለውጥ የሰፈሩ አየር አይጠራም፤ ሰፈሩ በአንድነት ሲለውጥ ግን እያንዳንዱ ሰው ወጪ ያወጣበትን ነገር በዓይኑ ያየዋል።

ውጤቱ በአንድ ቀን አልመጣም። በታኅሣሥ 1962 ዓመት ሎንዶን ዳግመኛ በጢስ ጉም ታፍና ብዙ ሰው ሞተ፤ ጥፋቱ ግን ከአሥር ዓመት በፊት እንደ ነበረው አልከፋም። በ1968 ዓመት ሕጉ ተጠናከረ። ከሰሜን ባሕር የተገኘው ጋዝም የቤቱን ሁሉ ምድጃ ለመለወጥ ረዳ፤ ስለዚህ ምስጋናው ሁሉ የሕጉ ነው ማለት አይገባም። ጉድለትም ነበረበት፤ ታላላቆቹ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ረጃጅም የጢስ መውጫ እየሠሩ ሰልፈሩን ወደ ላይ ስለ ለቀቁት፣ ነፋሱ ወደ ስካንዲናቪያ አገሮች ወስዶ የአሲድ ዝናብ አድርጎ አዘነበው። የሎንዶን ሰማይ ሲጠራ የኖርዌይና የስዊድን ሐይቆች ዓሣ አልቆባቸዋል። ነገሩ በ1979 ዓመት በጄኔቭ በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነትና ከዚያም በተከተሉት ውሎች እስኪታረም ድረስ ብዙ ዓመት ወሰደ። ይህም ጢስን ከራስ ደጅ አርቆ ወደ ሌላው ደጅ መላክ መፍትሔ አለመሆኑን ያስተምራል።

ይህን ስንል ተራው ሰው ኀላፊነት የለበትም ማለታችን አይደለም። በ1974 ዓመት ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ በሽቶና በመድኃኒት መርጫ ጣሳዎች ውስጥ ያለው ጋዝ ፀሐይን የሚከላከልልንን የኦዞን ሽፋን እንደሚያሳሳ ባስታወቁ ጊዜ፣ የአሜሪካ ገበያተኞች ሕግ ሳይጠብቁ ጣሳውን መግዛት እየተዉ ሄዱ። ገበያው ስለ ቀዘቀዘ የኢንዱስትሪው ተቃውሞ ላላ፤ መንግሥቱም በ1978 ዓመት ያን ጋዝ ለአብዛኛው የመርጫ ጣሳ ከለከለ። በ1987 ዓመት በሞንትሪያል ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1994 ዓመት ገባችበት። የገበያተኛው ውሳኔ ለሕጉ በር ከፈተ። ያለ ሕጉ ግን በማቀዝቀዣና በፋብሪካ ውስጥ ያለውን ጋዝ ማንም ገበያተኛ ሊያስቀረው አይችልም ነበር።

የግለሰብ ኀላፊነት የሚለው ቃል መልካም ቢሆንም፣ አንዳንድ ጊዜ መሸሸጊያ ሆኖ ያገለግላል። በ1953 ዓመት የአሜሪካ የቬርሞንት ግዛት አንድ ጊዜ ተጠጥቶባቸው የሚጣሉ የቢራ ጠርሙሶች እንዳይሸጡ በሕግ ከለከለች። በዚያው ዓመት የጣሳና የጠርሙስ ፋብሪካዎች የተባበሩበት «አሜሪካን ውብ እናድርግ» የሚል ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩም ቈሻሻ የሚጥለው ሰው ነውና ሰው ይታረም እያለ አስተማረ። ትምህርቱ ሐሰት አልነበረም፤ ስለሚጥለው እጅ ብዙ ሲናገር ግን የሚጣለውን ዕቃ ስለሚያመርተው ዝም ይል ነበር። የቬርሞንትም ሕግ በ1957 ዓመት ጊዜው ሲያልቅ ሳይታደስ ቀረ። ከ2004 ዓመት ጀምሮም ቢፒ የተባለው የእንግሊዝ ነዳጅ ኩባንያ፣ ሰው ሁሉ የገዛ ራሱን «የካርቦን አሻራ» እንዲያሰላ የሚጋብዝ ማስታወቂያ በስፋት አሠራጨ። ቃሉን የፈጠረው ኩባንያው ባይሆንም በሕዝብ አፍ እንዲለመድ ብዙ ረድቷል። ዘይት ሻጩ ገዢውን «ስንት ሊትር አነደድህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «አንተስ ስንት በርሜል ቀዳህ?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል።

ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ሪቻርድ ሂዲ የተባለ ተመራማሪ መልስ ፈልጎ፣ ከ1751 እስከ 2010 ዓመት ድረስ ከኢንዱስትሪ ከወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ከመቶው 63 እጁ 90 የሚሆኑ የከሰል፣ የዘይት፣ የጋዝና የሲሚንቶ አምራቾች ካወጡት ምርት የመጣ መሆኑን በ2013 ዓመት ገለጠ። ይህ ቍጥር ግን በጥንቃቄ ይነበብ። አብዛኛው ጢስ የወጣው ዘይቱ ከጕድጓድ ሲቀዳ አይደለም፤ ገዢው በመኪናው፣ በቤቱና በፋብሪካው ሲያነደው ነው። ስለዚህ ሻጭና ገዢ በአንድ ገመድ ታስረዋል። ገመዱን ከአንድ ጫፍ ብቻ ቢጐትቱት አይፈታም።

ሕጉ ገመዱን በትክክል የፈታበትም ምሳሌ አለ። ለሞተር ሲባል በቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጐዳ ከታወቀ በኋላ፣ ማንም ሾፌር ከማደያ የቀዳውን ቤንዚን አጣርቶ እርሳሱን ሊያወጣ አይችልም ነበር። መንግሥታት ግን ከለከሉት፤ ማጣሪያዎችም ሥራቸውን ለወጡ። ከሰሐራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች በ2001 ዓመት በዳካር በተስማሙት መሠረት እስከ 2006 ዓመት መጀመሪያ ድረስ አቆሙት፤ በ2021 ዓመትም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በማቆሟ እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ማደያዎች ጠፋ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ለዓለም ሙቀት ያዋጣችው እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ማገዶ የምታነደውን እናት ስለ ምድር ሙቀት መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ነገር ግን የብክለት ጕዳይ በደጃችን አለ። የአቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው ሲወርዱ የቆዳና የሌሎች ፋብሪካዎችን ፍሳሽ፣ ከዚያም ጋር የከተማውን መኖሪያ ቤቶች ቈሻሻ ይዘው ይወርዳሉ። በዚያ ውሃ የሚለማው አትክልት ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። እዚህም እንደ ሎንዶን ፋብሪካውም ቤቱም በአንድ ጥፋት ተካፋዮች ናቸው። ሕጉ ግን አልጐደለም። በ1987 ዓ.ም. በአገራችን አቈጣጠር የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሰጥቷል፤ የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 300/1995ም ወጥቷል።

እንግዲያስ የሮበርት አንገስ ስሚዝን ታሪክ እናስታውስ። ዐዋጅ የሚሠራው መለኪያ ይዞ ወደ ፋብሪካው በር የሚሄድ ሰው ሲኖር ነው፤ ያም ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የለካውን ሳይቀንስ የሚጽፍ፣ ያነበበውን ሳያደፋፍን ለበላዩ የሚያቀርብ፣ የቀረበለትንም በመሳቢያ ውስጥ ሳያሳድር የሚፈጽም ሠራተኛ ከሌለ፣ ሕጉ እንደ ኤድዋርድ ዐዋጅ ይረሳል። እንደዚሁም ቈሻሻ በወንዝ አትጣሉ የሚባል ሕዝብ ቈሻሻውን የሚያነሣ መኪና ሊመጣለት፣ እንጨት አታንድዱ የምትባል እናትም ማገዶ ቈጣቢ ምድጃ ወይም የማይቋረጥ መብራት ልታገኝ ይገባል። የሚያዘው ሹም የሚያስችለውን ነገር አስቀድሞ ያዘጋጅ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ይህን ተረት የምንጠቅሰው እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን እንዲያነሣ ለመምከር ነው፤ ምክሩም ደግ ነው። ነገር ግን ሎሚው ጌጥ የሚሆነው በእኩል ሲታደል ነው። ገበያውን ሁሉ በሎሚ የሞላው ነጋዴ ራሱ አንዲት ሎሚ ሳይዝ «እናንተ ተሸከሙ» ቢል፣ ወይም ሕዝቡ «የነጋዴው ዕዳ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ፣ ሎሚው በሜዳ ላይ ይበሰብሳል። ሎሚውን ቈጥሮ የሚያድለው ሕግ ነው፤ የሚያነሣው ደግሞ ሰው ነው። የሎንዶን ሰማይ የጠራው ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ነው፤ እስኪገናኙ ድረስ ግን ብዙ ሺህ ሰው ሞቷል። እኛ ያን ያህል ዋጋ ሳንከፍል ብንማር ከብልኆች እንቈጠራለን።